እማማ ስንዱ ያስተካከሉት ሰዓት

ሥራ የጀመርኩ ዕለት አለቃዬ ቦሪስ ወንበር እንኳ ሳይሰጠኝ ስክሪን ፊት አቆመኝ። ድርጅታችን እዚህ እስራኤል፣ በቤርሸባ ከተማ ያሉ ትንንሽ ቢሮዎች ፋይሎቻቸውን ሌላ ሰው እንዳያነባቸው መስጥረው ክላውድ በሚባለው የኢንተርኔት ማከማቻ ላይ እንዲያስቀምጡ ይረዳል። ስክሪኑ ላይ በቀይ «ፊርማው ተቀባይነት የለውም» ይላል።

«ምን ታደርጋለህ?» አለኝ።

«ቁልፉን እቀይራለሁ።»

«ሁሉም እንደዚያ ይላል። ቁልፉን አትንካ፤ መጀመሪያ አንብብ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ፋይል ሲላክ ኮምፒዩተሩ የጥያቄውን ዝርዝርና የተላከበትን ሰዓት ይዞ በሚስጥር ቁልፉ ፊርማ ይሠራል። ክላውዱም በበኩሉ ሠርቶ ያመሳክራል። አንዷ ነጥብ ከተዛነፈች አይቀበልም። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ከምስጠራው ትእዛዝ ነው፤ ፕሮግራሙ ፋይሉ ተመስጥሮ እንዲቀመጥ ያዝዝና ትእዛዙን ፊርማው ውስጥ ማስገባት ይረሳል። እናቴ «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» የምትለው ለዚህ ሥራ ይመስለኝ ነበር። እኔም ከሥሩ መያዝ ቻልኩበት። ዓመታት ሲያልፉ ቦሪስ ራሱ የከበደውን ወደኔ ይመራ ጀመር፤ በዚህ እኮራለሁ፣ አልደብቅም።

አንድ ጠዋት ሽኩና ዳሌት ከሚባለው ሰፈር፣ ካገራችን ሰዎች የሽማግሌዎች ክበብ ተደወለ። ክበቡን የሚያስተዳድሩት እማማ ስንዱ ናቸው። እህታቸው ጎንደር ሆና ወደዚህ ለመምጣት ስትጠብቅ ኖራለች። የመግቢያ ጥያቄዋ ውድቅ ሆኖባት ይግባኝ ብላለች፤ ማስረጃዋ ተመስጥሮ ጠበቃዋ ክላውድ ላይ እስከ እኩለ ቀን ካልገባ፣ በሩ ይዘጋል። ፋይሉ ግን አልሄድ ብሏል።

«ልጄ ድረስልኝ፣ ትላንት ደኅና ይሠራ ነበር» አሉኝ ገና በር ላይ።

«ምን ነካችሁበት፣ እማማ?»

«ምንም! ማን ይደፍረዋል?»

ተቀመጥኩ። ቁልፉ ትክክል። የምስጠራው ትእዛዝ ፊርማው ውስጥ አለ። የፋይሉ ስም ደኅና። ደግሜ ላክሁ፤ ቀይ። እማማ ከኋላዬ ቆመው ነጠላቸውን ያፍተለትላሉ። የእህታቸው ነገር ትከሻዬ ላይ ከበደኝ፤ ፈራሁ። ለቦሪስ ደወልኩ።

«እስከ እኩለ ቀን ምን ያህል ቀረህ? አሁን ስንት ሰዓት ነው?» አለኝ በዕብራይስጥ።

ስክሪኑን አየሁና «ሻሎሽ ቫሬቫ» አልኩት፤ ሦስት ከሩብ ማለቴ ነው።

«ሦስት? እኩለ ቀን አልፏላ! ምን ሆነሃል?»

ስልኩን እንደያዝኩ የስክሪኑን ሰዓት ደግሜ አየሁት። ሽኩና ሄ በሚባለው ሰፈር እናቴ ቤት ያለው ሰዓት እስከ ዛሬ የሚቆጥረው በሀገራችን አቆጣጠር ነው፤ እዚህ አገር ጠዋት ዘጠኝ የሚሉት ለኔ ጠዋት ሦስት ሰዓት ነው። ሌላ ቴክኒሽያን ቢሆን ገና ሲገባ ያየው ነበር። እኔ ግን ያገሬ ሰዓት ስለሆነልኝ ዓይኔ ዘሎት አለፈ። ክላውዱ ግን ስድስት ሰዓት ወደኋላ የቀረ ፊርማ እየደረሰው «ይሄ ያረጀ ነው» ብሎ ይመልሳል።

«እማማ፣ ሰዓቱን ማን ነካው?»

«እሱንማ እኔ ነኝ፣ ትላንት ማታ አስተካከልኩት እንጂ መች ነካሁት! ሽማግሌዎቹ ኪኒን መዋጫችን ደረሰ ወይ እያሉ እሱን ነው የሚያዩት። የነሱን ሰዓት ማን ያውቅላቸዋል?»

ሳቄ መጣ። ሰዓቱን ወደ ቦታው መልሼ ላክሁ። አረንጓዴ። ጠበቃዋ ደርሶኛል ብላ ስትደውል እማማ ስንዱ መሬት ሊስሙ ሲያጎነብሱ ያዝኳቸው። እኔም አለቀስኩ፤ ምን አፍራለሁ?

ሽማግሌዎቹን ግን ያለ ሰዓት ትቼ መሄድ ደስ አላለኝም። በማግስቱ የግድግዳ ሰዓት ይዤ ሄድኩና በሀገራችን አቆጣጠር ሞልቼ ከኮምፒዩተሩ በላይ ሰቀልኩት። ቦሪስ ሲሰማ «እሱም የጥገናው አካል ነው» አለ። ከሱ አፍ እንዲህ ያለ ነገር ብዙ አይወጣም።

ይግባኙ ተሰምቶላት እህትየዋ መጣች። ክበቡ ውስጥ እማማ ስንዱ እጇን ይዘው ሲያስገቧት እኔም ነበርኩ። አዲስ ሰው ናት፤ የሚወራው ዕብራይስጥ፣ በሩ ላይ ያለው ጽሑፍ ሁሉ ባዳ ሆኖባታል። ቀና ብላ ግድግዳውን አየች።

«ውይ፣ አራት ሰዓት ሆነ እንዴ?» አለች። እዚህ አገር ያለማንም እርዳታ ያነበበችው የመጀመሪያ ነገር እሱ ነው።

ለሥራ ባልደረቦቼ የምለው ይህን ነው፦ ፊርማ ሲመለስባችሁ ቁልፉን ከመቀየራችሁ በፊት ሰዓቱን እዩ። ሰዓቱ ተዛብቶ ካገኛችሁት፣ መልሳችሁ ከመሄዳችሁ በፊት ለማን ተብሎ እንደተቀየረ ጠይቁ።