ከማስታወቂያው ሥር የተጻፈው ስም

አባ ሶል የሚሠራው ጫማ ጥንድ ነው እንጂ እኩል አይደለም። ደንበኞቹ አንዱ እግራቸው ከሌላው ያጠረባቸው ሰዎች ናቸው። ለአጭሩ እግር ሦስትም ይሁን አምስት ሴንቲሜትር ቡሽ ከሶሉ በላይ ይደርብበታል፣ ዙሪያውን በቆዳ ያለብሰዋል፤ ከዚያ በኋላ ሰውየው ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ የሚያየውም ሰው ምንም አይጠረጥርም። ሃያ ስምንት ዓመት በአንዲት ክፍል፣ በአንድ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ይኼንኑ ሲሠራ ኖሯል።

ቅጽል ስሙ የወጣለት ገና ሙያውን ሲለምድ ነው። ሰው የተጎዳ ጫማ ይዞ ሲመጣ፣ ቆዳው ቢተረተርም ማሰሪያው ቢበጠስም፣ ልጁ ፊቱን ኮስተር አድርጎ «ሶሉ ነው» ይል ነበር። ያስተማሩት ጫማ ሰፊ ከት ብለው ሳቁና አባ ሶል አሉት። እሳቸው ሞቱ፣ ስሙ ቀረ። ጎረቤቱም ደንበኛውም፣ ሲከፋት ሚስቱም በዚሁ ይጠሩታል።

እሱ ደግሞ ሰውን የሚያውቀው በእግሩ ነው። መንገድ ላይ ሰላም የሚሉትን ሰዎች ፊት አይቶ ግራ ይገባዋል፤ ዝቅ ብሎ ጫማቸውን ሲያይ ግን ፊቱ ይበራል። «እንዴ፣ ግራ አራት ተኩል! የት ጠፋህ?» ይልና ያቅፋል። የሱቁ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች የካርቶን እግር የተሰቀለበት ነው፤ የየደንበኛው እግር በእርሳስ ተከቦ የተቆረጠ። በላያቸው ላይ ልኩ እንጂ ስም አልተጻፈባቸውም።

ኑሮው እንዲህ ጸጥ ብሎ ሲሄድ ነው ትንሹ የሚለው ታናሽ ወንድሙ የመጣው። ወንድምየው የጉዞ ትኬት የሚሸጥ ቢሮ ውስጥ ይሠራ ነበርና ቢሮው ተዘጋ። «ቤት ተቀምጦ ዝንብ እሽ ከሚል ካንተ ጋ ይዋል» አለች የአባ ሶል ሚስት። ዋለ። በሁለተኛው ቀን አውራ ጣቱን በወስፌ ወጋና ከወስፌ ጋር ተለያዩ። አፉ ግን ማር ነው። ሰው ሊለካ መጥቶ ወረፋ ሲጠብቅ፣ ትንሹ አጠገቡ ቁጭ ይልና ስለ ቤቱ፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ አለቃው ያስለፈልፈዋል። ውሎ አድሮ በኢንተርኔት ላይ ለሱቁ ገጽ ከፈተ። ጫማውን ከፍ አድርጎ ይዞ፣ ጥርሱን ብልጭ አድርጎ፣ አጫጭር ቪዲዮ ይለቅ ጀመር።

ደንበኛው በዛ። ይኼ ደስ ሊለው ይገባ ነበር። ነገር ግን ሰው በሩን ከፍቶ ሲገባ አባ ሶልን አልፎ ዓይኑ ይንከራተታል፤ «ቪዲዮው ላይ ያለው ልጅ የለም?» ይላል።

«ጫማ ልትለካ ነው የመጣኸው ወይስ ሳቅ?» አለ አንዴ አባ ሶል። ሰውየው ቀልድ መሰለውና ሳቀ።

ቀናሁ ብሎ የሚናገር ሰው የለም። አባ ሶልም «ጨጓራዬን አመመኝ» ነበር የሚለው። ትንሹ ቪዲዮ ሊቀርጽ ስልኩን ባቆመ ቁጥር ግን ያን ዕለት የማይደርስ ጫማ ላይ ሚስማር መምታት ያምረዋል። ሶል የሚሞርደውን ማሽን ያስነሳል። «ብርሃኑን ጋረድክብኝ» ይላል፣ መስኮቱ በሌላ በኩል ሆኖ ሳለ። ሚስቱ ሁለት ሳምንት ታዘበችውና «ያንተ ጨጓራ ወንድምህ ሲስቅ ብቻ ነው እንዴ የሚነሳው?» አለችው።

ከሁሉም የባሰው ቲቸር የሚሏት የመምህርት ደንበኛው ነገር ነው። ቀኝ ሦስት ከሩብ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ጫማዋን የሠራላት እሱ ነው፤ በየዓመቱ ትምህርት ሊከፈት ሲል አንድ ጥቁር አንድ ቡናማ። እግሯ እንዴት እንደሚያርፍ፣ ተረከዟ የቱ ጋ እንደሚቆስል ከሷ በላይ ያውቃል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቆዳ ሊገዛ ወጥቶ ሲመለስ ቲቸርን ከወንድሙ ጋር አገኛት። ስልኩ ፊቷ ቆሟል፤ እሷም ታወራለች። የምታስተምርበት ክፍል አራተኛ ፎቅ ላይ መሆኑን፣ በቀን ስድስት ጊዜ ሰባ ሁለት ደረጃ እየቆጠረች እንደምትወጣ፣ ሕንፃው ደረጃ አልባ መወጣጫ እንዲሠራለት ስትጠይቅ «ጫማ አለሽ አይደል?» እንደተባለች። «ጫማ ለእግሬ ነው፤ ደረጃው ግን የሁላችንም ጉዳይ ነው» አለች ወደ ስልኩ።

አባ ሶል ቆዳውን እንደ ታቀፈ በሩ ላይ ቀረ። ሰባ ሁለት ደረጃ! አሥራ አንድ ዓመት እግሯን በእጁ ይዞ ይኼንን አንድ ቀን አልሰማም። ለእሱ እግሯን ሰጠችው፤ ለትንሹ ታሪኳን።

ትንሹ ቪዲዮውን አሳምሮ፣ መጨረሻው ላይ ጫማውን አሳይቶ፣ ማስታወቂያ ይሁን ብሎ ከሱቁ ገንዘብ ከፍሎ አስገባ። በማግስቱ ታገደ። ገጹን የሚያስተዳድረው ኩባንያ የላከው ጽሑፍ ማስታወቂያው ኅብረተሰቡን ስለሚመለከት ጉዳይ እንደሚናገር፣ ነገር ግን ማን እንደከፈለበት የሚገልጽ መስመር እንደሌለው ይናገራል።

«ምን አጠፋን?» አለ አባ ሶል፤ ድምፁ ውስጥ ትንሽ ደስታ ነበረች።

ትንሹ እንደ ልማዱ ዘርዝሮ አስረዳው። ጫማ ግዙ ብቻ ቢሉ ኖሮ ማንም አይጠይቃቸውም። ቲቸር ግን ሕንፃ ሁሉ መወጣጫ ይኑረው አለች፤ ይኼ ሰው የሚከራከርበት ጉዳይ ነው። እንዲህ ያለ ነገር የሚናገር ማስታወቂያ፣ ዕቃ መሸጫም ቢሆን፣ ከሥሩ የከፋዩ ስም ይጻፍበታል። ከፋዩም መታወቂያውን አስገብቶ፣ አድራሻውን ሰጥቶ፣ እኔ ነኝ ማለት አለበት።

«ደግ ሕግ ነው» አለ አባ ሶል። «የተናገረ ሰው ይታወቅ።» ወደ ቡሹ ተመለሰ። ሁለት ጊዜ ቢላዋውን አሳልፎ ቆም አለ። «የማን ስም ነው የሚጻፈው?»

«የኔን ላስገባ ነበር። ገጹ በኔ ስለተከፈተ።»

ቡሹ ጠማማ ሆኖ ተቆረጠ። አባ ሶል ጣለውና ሌላ አነሳ። «ሱቁ የማን ነው?»

«ያንተ።»

«ጫማውን የሠራው?»

«አንተ ነህ ጋሼ።»

«እና ስሙ የማን ይሁን?»

ትንሹ ሳቀ። «ይኼንን ብለህ ነው? ያንተን እናድርገዋ!»

ሊታገልለት ቀበቶውን ያጠበቀበትን ነገር እንዲህ እንደ ዋዛ እንካ ሲሉት ሰው ምን ያህል እንደሚናደድ የደረሰበት ያውቀዋል። ስስት እንኳ የለውም፣ ብሎ ቀናበት።

ትንሹ የሱቁን ስም መጻፍም እንደሚቻል ነገረው። እሱ ግን ሱቅ አይደለም ቡሽ የሚቆርጠው፣ የራሴ ይሁን አለ። አባ ሶል ተብሎ ግን አይጻፍም፤ እንደ መታወቂያው ነው። ይሁን አለና መታወቂያውን ከመሳቢያው ሥር፣ ከዛገ ሚስማር መሃል ቆፍሮ አወጣ። ፎቶው ላይ ፀጉር አለው። ስሙን አባቱ ያወጡለት ነው፤ ከሠርጉ ዕለት ወዲህ ድምፅ አውጥቶ የጠራው ሰው የለም። ሁለት ጊዜ አነበበው። ሌላ ሰው መሰለው፤ ግን ኮት የለበሰ፣ የተከበረ ሰው። ወደደው።

በሦስተኛው ቀን ማስታወቂያው ወጣ፤ ከሥሩ «የከፈለው» ይልና ያ ስም ከነአባቱ ተጽፏል። አባ ሶል የሚስቱን ስልክ ተውሶ ጎረቤቱ ወዳለው ፀጉር አስተካካይ ሄደ። ስልኩን አቀበለው።

ፀጉር አስተካካዩ አየ፤ «ታናሽህ አንጀት አርስ ነው» አለ። ከዚያ ታች ያለውን አነበበና «ይኼ ደግሞ ማነው?» አለ። አባ ሶል አፉን ሊከፍት ሲል ወንበር ላይ የተቀመጠውና ግማሽ ጭንቅላቱ የተላጨው ሰውዬ ቀደመው፤ «ለምርጫ የሚወዳደር ሰው ይሆናላ! ስለ ደረጃ የሚያወሩት እነሱ ናቸው። ሱቁን ገዛው እንዴ?»

እዚያው ላይ «እኔ ነኝ» ቢል ያበቃ ነበር። ግን ሃያ ዓመት አብሮት ለኖረ ጎረቤት ስምን ማስተዋወቅ እንዴት ይጀመራል? አፈረ። «ሥራ አለብኝ» ብሎ ወጣ።

ወሬ ደግሞ ባዶ ቤት አይወድም። በሁለት ቀን ውስጥ ሱቁን አንድ ባለጸጋ እንደገዛው፣ ሰውየው በጣም ደግ እንደሆነ፣ ትንሹን ሥራ አስኪያጅ አድርጎ እንደሾመው ተወራ። «አባ ሶልንም አላባረረውም፤ ሆዱ ሩኅሩኅ ነው» አሉ። አንዲት ደንበኛ እግሯን እያስለካች ለዚያ ሰው ምስጋናዋን እንዲያደርስላት አደራ አለችው። አባ ሶል እርሳሱን ይዞ ቀረ። እስካሁን በወንድሙ ነበር የቀናው፤ አሁን በገዛ ስሙ ቀና።

ቲቸር ዓርብ ከሥራ መልስ መጣች። አልተቀመጠችም። የምታስተምርበት ትምህርት ቤት ኃላፊ ጠርቶ «ይኼ ሰውዬ ስንት ከፍሎሽ ነው ስለኛ የምታወሪው?» እንዳላት ነገረቻቸው። ምን እንደምትመልስ አላወቀችም፤ ሰውየውን አታውቀውማ።

«ፊቴን ያዋስኩት ለእናንተ ነው» አለች። «ለማላውቀው ሰው አይደለም። ወይ ይኼ ሰው ማን እንደሆነ ንገሩኝ፣ ወይ ቃሌን ከማስታወቂያው አውጡልኝ።»

ትንሹ ወንድሙን አየ። አባ ሶል ወደ ጫማዋ አየ።

«ማውጣቱ ቀላል ነው ጋሼ» አለ ትንሹ በዝግታ። «የደረጃውን ወሬ ቆርጠን ጫማውን ብቻ ብናስቀር መስመሩም አያስፈልግም። ስምም አይኖር፣ ጥያቄም አይኖር።»

አባ ሶል ልቡ ዘለለ። ያ ሁሉ ሰው «አንጀት አርስ» ያለለት የትንሹ ሥራ በአንድ ቃል ሊጠፋ ነው፤ እሺ ማለት ብቻ! እሺ የሚለው ቃል ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ያ ከጠፋ የራሱም ስም አብሮ ይጠፋል። ሰባ ሁለቱ ደረጃም። ቀና ብሎ የሴቲቱን ፊት አየው። ደክሟታል። ከግንባሯ ላይ ትንሽ ጠባሳ አለች፤ ድሮም እዚያ ነበረች መሰለኝ፣ ብሎ አሰበ፤ እርግጠኛ አልሆነም።

«እኔ ነኝ» አለ።

«ምኑ?»

መሳቢያውን ስቦ መታወቂያውን ሰጣት። አነበበች፣ ፎቶውን አየች፣ እሱን አየች። «እርስዎ ነዎት?» አለች። ከዚያ ሳቋ መጣ። «አሥራ አንድ ዓመት! ስልኬ ላይ እኮ ‹ጫማ› ብዬ ነው የያዝኩዎት።»

«እኔም አንቺን ቀኝ ሦስት ከሩብ ብዬ ነው» አለ። አልሳቀም። ሲብሰለሰልበት የከረመው ነገር ወጣ። «ስለ ደረጃው ለሱ ነገርሽው። ለኔ ግን አንድ ቀን…»

ቲቸር ሳቋን ሰበሰበች። «ጠይቀውኝ ያውቃሉ አባ ሶል? ገና ስገባ ካርቶኑን ያነሳሉ። ሰላም የሚሉት እኮ ጫማዬን ነው።»



አባ ሶል ተነሳ። ሽርጡን ሳይፈታ፣ መታወቂያውን ይዞ፣ ወደ ፀጉር አስተካካዩ ሄደ፤ ሦስት ሰው ወረፋ ይጠብቃል። በሩ ላይ ቆሞ «የከፈለው የተባለው ሰውዬ እኔ ነኝ። ማንም አልገዛኝም። ስለ ደረጃውም ጥያቄ ያለው ሰው፣ የትምህርት ቤቱም ኃላፊ ቢሆን፣ እኔ ጋ ይምጣ፤ አድራሻዬ ተጽፏል» አለ።

ፀጉር አስተካካዩ መታወቂያውን ተቀብሎ ወደ አምፖሉ አስጠጋው። «ስሙስ እሺ፤ ይኼ ሁሉ ፀጉር ግን ያንተ ነው ብለህ አታሞኘን» አለ።

ትንሹ ከኋላው ቆሞ ቀርጾት ኖሯል። ቲቸር ይሁን ስላለች እሱንም ለቀቀው። የትምህርት ቤቱ ኃላፊ አልመጣም፤ ቃሏ ግን ከነስሙ እንዳለ ቆየ። ስንት ሰው እንዳየው ስልክ ላይ መፈለግ አባ ሶል አይችልም። በማግስቱ ሚስቱን ሳህን እያጠበች ሳለ «የኔ ከትንሹ ይበልጣል?» አላት።

«በጥቂት ይበልጣል።»

«በስንት?»

«ጨጓራህ ተሻለው እንዴ?» አለች፣ ሳትዞር።

ሰኞ ጠዋት አንድ ረዘም ያሉ ሽማግሌ ገቡና ዓይናቸው ትንሹን ፈለገ። አባ ሶል በርጩማውን ሳበላቸው። እጁ እንደ ልማዱ ወደ ካርቶኑ ሄደ፤ ከመንገድ መለሰው። ፊታቸውን አየ። ምን እንደሚባል አላወቀም፤ የትንሹ ቃል በሱ አፍ አያምርም።

«ቤትዎ ስንት ደረጃ አለው?» አላቸው።

ሽማግሌው ግራ ተጋቡ። ከዚያ ባርኔጣቸውን አወለቁና ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። «ቤቴ እንኳ ደረጃ የለውም። የልጄ ቤት ነው እንጂ…» ብለው ጀመሩ።

ወዲያ ጥግ ትንሹ ስልኩን አስቀምጦ ጆሮውን አቀና፤ ወንበሩንም ጠጋ አደረገ። አባ ሶል አየው። የራሱን በርጩማ አነሳ፣ ሽማግሌውና ወንድሙ መሃል አስቀመጠው፣ ጀርባውን ለትንሹ ሰጥቶ ቁጭ አለ።

«ይቀጥሉ፣ አባቴ» አለ።