ወተት አምጪዋ የማትጠራው ቃል

«ካገሩ የወጣ አገሩ እስኪመለስ፣ ቢጭኑት አህያ ቢለጉሙት ፈረስ» ይባላል። እኔ ከደብረ ብርሃን አዋሳ በመምህርነት ተመድቤ ስመጣ አህያም ፈረስም አልሆንኩም፤ ዲዳ ነው የሆንኩት። ከተማው ውስጥስ አማርኛ ስለሚነገር ደህና ነበርኩ። ችግሩ የመጣው መሠረተ ትምህርት ታውጆ የቡሹሎ ገበሬ ማኅበር ሴቶችን እንዳስተምር ስመደብ ነው። መጽሐፉ የተጻፈው በማውቀው ፊደል፣ ቋንቋው ግን ሲዳምኛ ነው። ጮክ ብዬ አነበዋለሁ፤ ምን እንዳነበብኩ ግን አላውቅም። ኃላፊውን ቋንቋውን አልችልም ስለው «አብዮቱ ያስተምርሻል» አለኝ። አብዮቱ ብዙ ሥራ ስለነበረበት ያስተማረችኝ ወተት የምታመጣልኝ ሴት ናት።

ከቡሹሎ በጠዋት ተነስታ፣ ወተቷን በቅል ይዛ፣ በእግሯ ትመጣለች። ከእኔ በዕድሜ ብዙም አትበልጥም። አማርኛዋ ለገበያ ያህል ነው። ደጃፌ ላይ ተቀምጣ እኔ ዕቃ እጠቁማለሁ፣ እሷ ስሙን ትናገራለች፣ እኔ እደግመዋለሁ፣ እሷ አፏን ሸፍና ትስቃለች። ሲሳቅብኝ ስለማልወድ አንዳንዴ አኮርፋለሁ፤ እሷ ግን ኩርፊያዬን ከቁም ነገር አትቆጥረውም። በተራዬ በከሰል ሲሚንቶው ላይ ፊደል እጽፍላታለሁ። ከሰዓት ደግሞ ቡሹሎ ከሌሎቹ ሴቶች ጋር ተማሪዬ ናት። መጀመሪያ ያስተማረችኝ ቃል በቅሏ የያዘችውን ነገር ስም ነው። ወደ አማርኛ ሲመለስ «ነጩ» እንደማለት መሆኑን ያወቅኩት በኋላ ነው፤ ያኔ ወተት ማለት መስሎኝ በየጠዋቱ እየጠራሁ እቀበላታለሁ።

ፊደል ለመቁጠር የቸኮለችበትን ምክንያት ነግራኛለች። ባሏ ወታደር ሆኖ ሰሜን ዘምቷል። እዚያው ጦር ካምፕ መጻፍ ተምሮ በሲዳምኛ ደብዳቤ ይልክላታል፤ የሚያነብላት ግን የማኅበሩ ጸሐፊ ነው። ጸሐፊው ደግሞ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ሰው በተሰበሰበበት ነው የሚያነበው። ባሏ ናፈቅሽኝ ያላትን ከሰው ሁሉ ጋር እኩል መስማት አንገሽግሿታል። ሆኖም ቤቱን የሚያዙት አማቷ ናቸው። ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል፤ ላሞቹም እንሰቱም በእሳቸው እጅ ነው። አሮጊቷ የፈቀዱላት እስከ ፈተናው ድረስ ብቻ ነው። ካለፈች ትቀጥላለች፣ ከወደቀች ዳግመኛ የትምህርት ነገር እንዳይነሳ ብለዋል።

አንድ ቀን ገበያ ወጥቼ ወተት ለመግዛት ያችን ቃሌን በኩራት ተናገርኩ። ሻጮቹ ተያዩና ሳቁ። አንዷ የማን ቤት ምራት እንደሆንኩ ጠየቀችኝ። ሌላዋ ሳልመልስ ቀድማ ቤቱን ጠራችው፤ የወተት አምጪዬን አማቶች ቤት። እኔ አላገባሁም፣ ቡሹሎ ዘመድ የለኝም። ወተቱን ሳልገዛ ተናድጄ ተመለስኩ።

በነጋታው ገና ቅሏን ሳታወርድ አፋጠጥኳት። አንገቷን ደፍታ አስረዳችኝ። ባለትዳር ሴት የባሏን አባት ስም አትጠራም፤ ስማቸው በሚጀምርበት ድምፅ የሚጀምር ቃልም ካፏ አይወጣም፤ በምትኩ ሌላ ቃል ትላለች። የወተት ትክክለኛ ስም ከሟቹ ሽማግሌ ስም ጋር አንድ መነሻ ድምፅ አለው። እኛም አገር ምራት አማቷን በስም አትጠራም፤ ነገሩ ግን እስከ ወተቱ አይደርስም። ታዲያ ለምን ለእኔ ይሄን አስተማርሽኝ አልኳት።

«የምትይውን አስተምሪኝ አልሽኝ» አለች። «እኔ የምለው ይሄን ነው።»

ትክክለኛውን ቃል ከሰፈር ልጆች ተማርኩ። እየቆየሁ ሳስተውል ግን የሲዳምኛዬ እኩሌታ ሳልዳር የወረስኩት የምራት ቋንቋ ነበር። ክፍል ውስጥም መጽሐፉ ላይ ትክክለኛው የወተት ስም ሲመጣ እሷ በምትኩ «ነጩ» ብላ ታልፋለች። እኔም ዝም እላት ነበር።

የፈተናው ዕለት ከአውራጃው አንድ ወጣት ፈታኝ መጣ። ሲዳምኛ አይሰማም፤ ግን ፊደሉን በጣቱ እየተከተለ የሚነበበውን ያመሳክራል። አማቲቱ ከኋላ በትራቸውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። የእሷ ተራ ሲደርስ የወጣላት ገጽ ስለ ላም የሚናገረው ሆነ። ጥርት አድርጋ አነበበች፣ እዚያ ቃል ላይ ስትደርስ እንደልማዷ «ነጩ» አለች። ፈታኙ ቀና ብሎ የተጻፈው ይሄ እንዳልሆነ፣ የተጻፈውን እንድታነብ ነገራት። ተረጎምኩላት። ጣቷን ቃሉ ላይ እንዳደረገች ቆመች። ልማዱን ላስረዳው ሞከርኩ። ክፉ ልጅ አልነበረም፤ ግን ጽሑፉን በቃል ሸምድደው የሚያታልሉ በየቦታው ገጥመውታል፣ የረሱት ቦታ ሲደርሱ እንደዚሁ ይቆማሉ አለኝ። ያለውን እንዳለ ለሴቶቹ ተረጎምኩ።

አማቲቱ ብድግ አሉ። እኔ ልክ ልኳን ሊነግሯት፣ ይዘዋት ወደ ቤት ሊሄዱ ነው ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ወደ ፈታኙ ዞረው፣ ለእኔ ሲሉ ቀስ እያሉ ተናገሩ። ቃል ሳልፈልግ፣ በልቤ ሳልተረጉም የሰማሁት የመጀመሪያው ሲዳምኛ ያ ነው።

«ማንበብ ባትችል ኖሮ የት ላይ መቆም እንዳለባት በምን ታውቅ ነበር? አይታው የማታውቀውን ስጣት። የባሌ ስም ያለፈበት ቦታ ሁሉ ላይ ትቁም።»

ፈታኙ ስተረጉምለት ከቦርሳው በሲዳምኛ አዲስ የታተመ ስለ ከብት እርባታ የሚያስረዳ ጽሑፍ አወጣ። እኔም አይቼው አላውቅም። እሷ ማንበብ ጀመረች፣ እኔ በትከሻዋ በኩል እከተላለሁ። ያ ቃል ባለበት ሁሉ ቆመች፤ በሌለበት አንድም ቦታ አልቆመችም። ከዚያ ቃል ጋር አንድ መነሻ ያላቸው፣ እኔ እንኳን ልብ ያላልኳቸው ሌሎች ቃላት ላይም ቆመች። ፈታኙ ጽሑፉን አጥፎ አልፋለች አለ። ሴቶቹ እልል ሲሉ አማቲቱ ከብት የሚያስገባ ሰው የለም ብለው ቀድመው ወጡ።

ከዚያ በኋላ እንደወትሮዋ ወተት ይዛ በመጣች አንድ ጠዋት ከነጠላዋ ጫፍ ደብዳቤ ፈታች። ጸሐፊው ሊያነብላት እጁን ሲዘረጋ ነጥቃው እንደመጣች ነገረችኝ። ደጃፌ ላይ ተቀመጠች። ስታነብ ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀሳል። አንድ ቦታ ላይ ፈገግ አለች፤ ሌላ ቦታ ላይ ቆይታ ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገች። እኔ ቆሜ እጠብቃለሁ። ከፊደሉ እስከ ፈተናው አብሬያት ስለነበርኩ ትነግረኛለች ብዬ ነው። በሲዳምኛ፣ አሳምሬ፣ ምን ይላል አልኳት።

ደብዳቤውን አጥፋ መልሳ ቋጠረችው።

«ለእኔ ነው የጻፈው» አለች።

ቅር አላለኝም አልልም። ወተቱን ገልብጬ ቅሏን መለስኩላት።