ከኮቴው በኋላ የተዘጋው በር

ጋሽ ኮቴ የገዛ እጁን ጀርባ መሳም ከጀመረ ሃያ ስድስት ዓመት ሞላው። ሰውየው አላበደም፤ በሬዲዮ ጣቢያው የድራማ ክፍል ድምፅ ሠሪ ነው። ተዋንያኑ ማይክሮፎን ፊት ቆመው ሲናገሩ እሱ ከጎናቸው ይረግጣል፣ ይከፍታል፣ ይዘጋል፣ ያፈሳል፣ ይሰብራል። ሩዝ በትሪ ላይ ሲያንከባልል ዝናብ ይሆናል፤ ላስቲክ ሲጨመድድ እሳት ይነዳል። ፍቅረኞች ሲሳሳሙ ደግሞ የሚስመው እሱ ነው። ስንቷ አድማጭ በዚያ ፀጉራም እጅ የተነሳ ትራሷን አቅፋ ተንሰቅስቃለች! ሚስቱ «ከእኔ ይልቅ እጅህን አብዝተህ ስመሃል» እያለች ታሾፍበታለች። ቅጽል ስሙን ያወጡለት ተዋንያኑ ናቸው፤ የከፋውን ሰው፣ የሰከረውን፣ ዋሽቶ የሚመጣውን ሰው አረማመድ ለይቶ ስለሚረግጥ።

ዘንድሮ ግን ሥራው ጨጓራውን እየላጠው ነበር። ምክንያቱ አርባ ክፍል ያለው አዲሱ ድራማ ነው። አንዲት ልጅ፣ ሁለት ወንዶች፤ አንዱ ሐኪም፣ አንዱ ሙዚቀኛ። ሐኪሙ በአርባ ክፍል ውስጥ አንድም በሽተኛ አላየም። ሙዚቀኛው ጉንፋን አይዘውም። ልጅቷም እንደ ሰው ሳህን አታጥብ፣ ካልሲ አይጠፋባት፣ ሥራ አይረፍድባት፤ ሲነጋ ታፈቅራለች፣ ሲመሽ ታለቅሳለች። በተቃቀፉ ቁጥር ደግሞ ዝናብ ይዘንባል። ሩዙን የሚያንከባልለው እሱ ስለሆነ ቆጥሮታል፤ አሥራ አንድ ጊዜ ዘንቧል።

«ይቺ ልጅ ጃንጥላ የላትም እንዴ?» ብሎ አንድ ቀን ደራሲውን ጠየቀው። ደራሲው ጢሙ ገና ያልሞላለት፣ ሻርፕ ከአንገቱ የማይለይ ልጅ ነው።

«ዝናቡ ምልክት ነው፣ ጋሼ።»

«የምን ምልክት? የጉንፋን?»

ደራሲው ፈገግ አለና ስለ ፍቅር ባሕርይ ያስረዳው ጀመር። ለቀባሪ አረዱት ማለት ይሄ ነው! ጋሽ ኮቴ ይህ ልጅ ሳይወለድ ሁለት ወንድና አንዲት ሴት ምን ማለት እንደሆነ በገዛ ሕይወቱ አይቶታል።

ከሁሉም በላይ አንጀቱን ያሳረረው የልጅቷ መወላወል ነበር። ከሃያ አምስተኛው ክፍል ጀምራ «ማንን ልምረጥ?» እያለች መስኮት ላይ ተለጥፋለች። «የወደደች ሴት አትወላውልም!» ይል ነበር ጋሽ ኮቴ፣ ሻይ ቤትም፣ ስቱዲዮም፣ ቤቱም። «የእኔዋ ዓይኗን አላሸችም።» ቤቱ ሲለው ሚስቱ መልስ አትሰጠውም። ጡረታ የወጣች የሒሳብ አስተማሪ ናት፤ ድራማውን አንድም ክፍል ሳታስቀር ትከታተላለች። «ልጅቷ ምን አደረገችህ? ተዋት» ትለዋለች፣ ያውም ሲበዛባት።

የእሱን ታሪክ ስቱዲዮ ውስጥ የማያውቅ የለም፤ ከመደጋገሙ የተነሳ በቃላቸው ይዘውታል። የዛሬ ሠላሳ አንድ ዓመት ነው። እሷ ገና ጀማሪ አስተማሪ ሳለች ሁለተኛ ፎቅ ላይ አንዲት ክፍል ተከራይታ ትኖር ነበር። ይወዷት የነበሩት እሱና የልብ ጓደኛው ናቸው፤ ጓደኛው የመሬት ቀያሽ ነበር። አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ሁለቱንም ጠርታ አስቀመጠችና «ከእሱ ጋር ነኝ» አለች፣ ወደ ጋሽ ኮቴ እየጠቆመች። ቀያሹ ጥቅል ካርታዎቹን አንስቶ ወጣ። ጋሽ ኮቴ ከደስታውም ከሐፍረቱም የተነሳ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ ተቀምጦ ነበርና ምንም አላየም። ግን ሰማ። ቀያሹ በሩን ሲዘጋ ሰማው፤ ቀስ ብሎ፣ የተኛ ሕፃን እንዳይቀሰቅስ እንደሚጠነቀቅ ሰው። ቀና ሲል እሷ ፊቱ ቆማለች። ደረቱ ላይ ወድቃ አለቀሰች።

«በሩን አልወረወረውም፤ ቀስ አድርጎ ዘጋልን» ይላል ጋሽ ኮቴ ታሪኩን ሲጨርስ። «ጨዋ ሰው እንደዚያ ነው የሚሸነፈው።» ቀያሹ ራቅ ወዳለ አገር ሄዶ ቀረ፤ ወሬውም ጠፋ። ያቺ የበር ድምፅ ግን ቀረች። ጋሽ ኮቴ የድምፅን ሥራ የወደደው በእሷ የተነሳ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

እንግዲህ የመጨረሻው ክፍል ጽሑፍ ሲሰጠው ምን ቢያገኝ ጥሩ ነው? ልጅቷ በመጨረሻ ሙዚቀኛውን ትመርጣለች፤ ከዚያ «ሐኪሙ በሩን በኃይል ወርውሮ ይወጣል። ኮቴው ደረጃውን በፍጥነት ሲወርድ ይሰማል» ይላል ወረቀቱ። ደሙ ፈላ። አርባ ክፍል ሙሉ ውሸት ረግጧል፣ ውሸት ስሟል፣ ውሸት አዝንቧል። ይቺ ግን የእሱ በር ናት። ሌላው ሁሉ እንዳሻው ይሁን፤ ይቺ አንዲት በር እውነቷን ትዘጋ ብሎ ቆረጠ።

ልምምዱ ላይ ማንንም ሳያማክር ያን እሑድ እንደሰማው አደረገው። ስቱዲዮው ውስጥ በእንጨት ክፈፍ የቆመች፣ እጀታና ቁልፍ ያላት ግማሽ በር አለችው፤ ከአጠገቧ ባለ ሦስት ደረጃ ሳጥን፣ ጠጠር የሞላ ትሪና የግቢ በር የምትሆን የዛገች የብረት ማጠፊያ። ተዋናይቷ «ከእሱ ጋር ነኝ» አለች። ጋሽ ኮቴ ዓይኑን ጨፈነና ደረጃውን ረገጠ፤ በዝግታ፣ እየራቀ፣ አሥራ ዘጠኝ ጊዜ። ከዚያ ጠጠሩን። ከዚያ የብረቱን የግቢ በር አንዴ ሲጥ አደረገ። ትንሽ ቆየና የእንጨቷን በር ቀስ አድርጎ ዘጋት፤ ቁልፏ ቀጭ አለች።

የድራማው አዘጋጅ ከመቆጣጠሪያ ክፍሉ መስታወት ጀርባ ወጥታ መጣች። ጎበዝ ሴት ናት፤ ጋሽ ኮቴንም ታከብረዋለች።

«ጋሼ፣ ቅደም ተከተሉ ተምታታብህ መሰለኝ።»

«ምንም አልተምታታብኝም።»

«ሰውየው ደረጃውን ወረደ። ግቢውን አቋረጠ። የውጭውን በር ከፍቶ ሄደ። አሁን መንገድ ላይ ነው፣ አይደል? ታዲያ የላይኛውን በር ማን ዘጋው?»

«እሱ ነዋ!»

«በምን እጁ? ሁለት ፎቅ የሚያህል እጅ አለው?»

ተዋንያኑ ሳቁ። ደራሲው ሻርፑን እያስተካከለ «እውነት አይመስልም፣ ጋሼ» ሲል ጣልቃ ገባ። ይሄኔ ጋሽ ኮቴ ጨርቁን ሊጥል ምንም አልቀረው።

«አሥራ አንድ ጊዜ ያዘነብከው አንተ ነህ እውነት የምታስተምረኝ? እኔ የምሠራው በጆሮዬ የሰማሁትን ነው! እዚያው ቁጭ ብዬ!»

«ግን ጋሼ…» ብላ ጀመረች አዘጋጇ።

«ደረጃ ቤት ድምፅ ያዘገያል! ስንት ዓመት ሠራሁበት መሰለሽ?»

«አሥራ ዘጠኝ ደረጃ ሙሉ አያዘገይም» አለች አዘጋጇ ለስለስ ብላ። ከዚያ ቁርጡን ነገረችው። ቀረጻው ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ነው። በሩ እንደ ጽሑፉ በኃይል ይወረወራል፣ ኮቴው ይከተላል። እምቢ ካለ የበሩን ድምፅ ከኮምፒውተር ትወስዳለች። «አንተ እያለህ ከኮምፒውተር መውሰድ እኔንም ደስ አይለኝም» አለችው።

አውቶቡስ ውስጥ ከንፈሩን እየነከሰ ተቀመጠ። ጉልበቱ ላይ በጣቱ እየመታ ነገሩን ደጋገመው። ደረጃ፣ ጠጠር፣ ብረት በር፣ ቀጭ። እስቲ ይሁን ብሎ «ቀጭ»ዋን አስቀደማት። አልሆነም። እንደገና ሞከረ፤ ጆሮው በጄ አላለውም። አጠገቡ የተቀመጡት ሴትዮ ደህና መሆኑን ጠየቁት። «ደህና ነኝ፣ እናቴ፤ ሰዎች ናቸው ደህና ያልሆኑት» አላቸው።

ቤት ሲደርስ ሚስቱ የነገውን ሸሚዙን እየተኮሰች ነበር። ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ የሆነውን ሁሉ ዘረገፈላት፤ የአዘጋጇን፣ የሳቁን፣ የሻርፑን ልጅ።

«ሁለት ፎቅ የሚያህል እጅ አለች እኮ! አንቺ ነሽ ምስክሬ። ነገ ስልክ ደውዪና ንገሪያት። ኮቴው ወረደ፣ ብረት በሩ ሲጥ አለ፣ ከዚያ በሩን ዘጋው። አይደለም?»

ካውያው ኮሌታው ላይ ቆመ፤ መልሶ ተንቀሳቀሰ።

«ተወው በቃ» አለች። «እንደሚሉህ አድርገህ ዝጋው። ድራማ ነው።»

«ድራማ ነው ብዬ አርባ ክፍል ታገስኩ! ይሄ ድራማ አይደለም። ይሄ የእኛ ነው። ተናገሪ እንጂ፤ አይደለም ወይ?»

«ቅደም ተከተሉ ልክ ነው» አለች።

«አየሽ!»

«ግን የዘጋው እሱ አይደለም።»

ጋሽ ኮቴ ልክ ነው የሚለውን ብቻ ሰምቶ ሊደሰት አፉን ከፍቶ ነበር። እንደተከፈተ ቀረ።

«ክፍት ትቶት ነው የሄደው» አለች፣ ዓይኗን ከሸሚዙ ሳታነሳ። «እኔ ነኝ የዘጋሁት።»

«አንቺማ አጠገቤ ነበርሽ።»

«ፊትህን ሸፍነህ ነበር እኮ። ተነስቼ በሩ ጋ ቆምኩ። ከዚያ ዘጋሁትና ተመለስኩ።»

«ምን ያህል ቆምሽ?»

«እኔ ምኑን አውቄ! አንድ አፍታ።»

አንድ አፍታ! ይህን ለሌላ ሰው ብትነግረው ያምናት ነበር። ጋሽ ኮቴ ግን ጊዜውን ልክክ አድርጎ ያውቀዋል፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ይዞት ኖሯል፣ ዛሬ ጠዋትም በሰው ሁሉ ፊት ረግጦ አሳይቶታል። አሥራ ዘጠኝ ደረጃ፣ በዝግታ። ጠጠሩ። ብረት በሩ። ከዚያም በኋላ ትንሽ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የእሱ ጆሮ ግን ሁሉንም በጊዜው ነግሮት ነበር፤ ያልሰማው እሱ ነው። የሰካራምን ኮቴ ከከፋው ሰው ለይቶ የሚያውቅ ሰው የገዛ ቤቱን በር ማን እንደዘጋው አላወቀም።

«ስንቴ ስናገር ስትሰሚኝ» አለ። «ሠርጋችን ላይ ተናገርኩት። ልጆቻችን ፊት። ዓይኗን አላሸችም ስል ዝም አልሽ።»

«ደስ ይልህ ነበራ። ምን ልበል?»

«እውነቱን!»

«እውነቱማ ዘግቼው ተመለስኩ። መመለሴን ለምን አትቆጥረውም?» አሁን እሷም ተቆጣች። «አንተን መርጬ ነው የተመለስኩት፤ ማንም አልገፋኝም። ሠላሳ አንድ ዓመት አብሬህ ኖርኩ፤ አሁን በአንድ አፍታ ልትጣላኝ ነው?»

ያለችው ሁሉ ልክ ነበር። ልክ መሆኑ ይበልጥ አበሳጨው። የሚሰድበው ሰው ቢያገኝ ምንኛ ደስ ባለው! ደራሲውን እንኳ ሊሰድብ አልቻለም፤ የድራማው ልጅ መስኮት ላይ ቆማ አሥራ አምስት ክፍል ወላወለች፣ የእሱዋ ደግሞ በር ላይ ቆማ አሥራ ዘጠኝ ደረጃ።

አንድ ጥያቄ ቀረው። ሆድ ይፍጀው ብሎ ሊተወው ፈለገ፤ አልቻለም።

«ቢዞርስ ኖሮ?»

ሚስቱ ሸሚዙን ገልብጣ ጀርባውን መተኮስ ጀመረች።

«አልዞረም» አለች።

በማግሥቱ ሦስት ሰዓት ሳይሞላ፣ በዚያ በተተኮሰ ሸሚዝ ስቱዲዮ ገባ። ማንንም ቀና ብሎ አላየም። አዘጋጇ ገና ልታግባባው ስትጀምር «እንደ ጽሑፉ ነው» ብሎ አቋረጣት። ቀይ መብራቱ በራ። ተዋናይቷ «ከእሱ ጋር ነኝ» አለች። ጋሽ ኮቴ እጀታውን ጨበጠና ያቺን ግማሽ በር በሙሉ ጉልበቱ ወረወራት፤ ክፈፏ ተናጋ፣ ተዋናይቷ ከምሯ ደነገጠች። ከዚያ ደረጃውን እየሮጠ ወረደው። ከኮቴው በኋላ የሚዘጋ በር አልነበረም።

አዘጋጇ ከመስታወቱ ጀርባ አጨበጨበች። ደራሲው ሻርፑን ወደ ኋላው ጥሎ እየሮጠ መጣና ትከሻውን አቀፈው።

«ይኸው! አየህ ጋሼ? አሁን እውነት መሰለ!»

ጋሽ ኮቴ እጁ እጀታው ላይ እንዳለ ቀረ።

«አንዴ ልድገመው» አለ። ድገመው ያለው ሰው አልነበረም።