የመመለሻዋ ከረጢት

ልጅ ሳለሁ፣ ግራና በሚገኘው ቤታችን፣ አያቴ ይመር የማሽላ አገዳ ከሚነድበት ምድጃ ዳር ተቀምጠው አንዲት ተረት ደጋግመው ያወሩልን ነበር። በወጣትነታቸው የዘማች ስንቅ የሚጭኑ በቅሎዎችን የነዱ ሰው ናቸውና ተረታቸውም ስለ ጦር ዝግጅት ነበረች። ቁጡ ስለነበሩ ሲተርቱም ይቆጡናል።

አንድ ንጉሥ ጠላት መጣብህ ሲሉት ነጋሪት አስጎሰመ። ቀጥቃጩ ጦር ሳለ፣ ገበሬው በሬውን ፈትቶ ወጣ፣ ሴቱ ሲፈጭ አደረ። «አገሬ ተሰናዳች!» ብሎ ዘመተ፤ ድሉንም አገኘ። ከዚያ ሁሉ ሠራዊት ግን ቤቱ የገባው ጥቂት ነው። «ምን ረሳ?» ይሉናል ያኔ፣ አገዳውን ወደ እሳቱ እየገፉ። ጨው እንላለን፣ ውሃ እንላለን። «አንገታችሁ ላይ ያለው ራስ ነው ቅል?» ብለው ያባርሩናል እንጂ መልሱን አይነግሩንም።

አንድ የገበያ ቀን ድምፅ ማጉያ የጫነ መኪና «ክተት!» እያለ አለፈ፤ ታላቅ ወንድሜ ሰይድም ተመዘገበ። ሊሄድ ሲል፣ በዋዜማው ማታ፣ የኩራዙ ጭስ ዓይኔን እያቃጠለኝ እናቴን አያታለሁ፤ በሶውን ከረጢት ውስጥ ስትጨምር ዓይኗ ሰይድ ላይ ስለሆነ መሬት ታፈስሰዋለች። አያቴ ተነሥተው ቀሟት።

«ንጉሡ ምን ረሳ?» አሉት ሰይድን፣ አፍጥጠው።

«እንጃ አባባ፣ ዛሬስ ይንገሩኝ።»

«መመለሻውን! የመሄጃውን ብቻ ሰንቆ ወጣ፤ ድል ያደረገው ጦር በረሃብ መንገድ ላይ አለቀ።»

በሶውን ለሁለት ከፍለው ሁለተኛዋን ከረጢት በቀይ ክር ጥብቅ አድርገው ቋጠሯት። ፊደል ቆጣሪ ነሽ ተብዬ ስሙን የጻፍኩባት እኔ ነኝ። «ይቺ የመመለሻህ ናት። ፊትህን ወደ ቤትህ ሳታዞር ብትፈታት አውፍ አልልህም!»

«ወላሂ አልፈታትም» አለ ሰይድ፣ እየሳቀ። ዱዓ ሲያደርጉለት ግን የአያቴ ድምፅ ተሰበረ፤ እኛም እያለቀስን አሚን አልን።

ሁለት ክረምት አለፈና አብሮት የዘመተ አንድ የመርሳ ልጅ ከረጢቷን ይዞልን መጣ። ጦሩ ሲበተን ከሰይድ ጋር መለያየታቸውን፣ ከረጢቷንም መንገድ ዳር ወድቃ ማግኘቱን ነገረን። ባዶ ነበረች፤ ቀዩ ክር ተፈትቶ ጫፏ ላይ ተንጠልጥሏል። እናቴ ክሩን ስታይ እልል አለች። «ፈትቷታል! ልጄ መንገድ ጀምሯል!»

አያቴን አየኋቸው። «ርቦት ፈትቷት ይሆናል» ሊሉ አፋቸውን ከፈቱና መልሰው ዘጉት። ያቺን ተረት ከዚያ ወዲያ አልተረቷትም።

እሳቸውም፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ አለፉ። ከስንት ዓመት በኋላ፣ በቅርቡ፣ ሌላ ጦርነት እኛው ደጅ ሲደርስ አገሩ ሁሉ ነቅሎ ሸሸ፤ ልጆቼን ከባለቤቴ ጋር ወደ ደሴ ሰድጄ እናቴን ልወስድ ወደ ድሮው ቤታችን መጣሁ። የከባድ መሣሪያው ድምፅ ቆርቆሮውን እያንቀጠቀጠው እሷ መደቡ ላይ ቁጭ ብላለች። ከረጢቷ ጭኗ ላይ ናት።

«እማ፣ በአላህ ተነሽ!»

«አንቺ ሂጂ። ልጄ መንገድ ላይ ነው። ቢመጣ ቤቱ ተዘግቶ ይጠብቀው?»

በሕይወቴ እንደዚያ ቀን በአያቴ ተረት ተናድጄ አላውቅም። ከቤቱ የምታስወጣትን ቃል፣ አያቴ ያኔ የዋጧትን፣ አውቃታለሁ። አፌን ከፈትኩና ዘጋሁት፤ አጠገቧ መደቡ ላይ ተቀመጥኩ።