ዳኮታዋን ጣራ ገዳም ላይ ያቆምኳት እኔ ነኝ

ለንስሐ አባቴ ብዙ ነገር ነግሬያቸዋለሁ። ጾም መግደፌን፣ ሰው ማማቴን፣ ሰክሬ ያደረግኩትን ሁሉ። ይህንን ግን አልነገርኳቸውም። ለሚስቴም አልነገርኩም። ወደ አፌ በመጣ ቁጥር፣ ምን ብዬ ላስረዳ፣ በኮምፒውተር ጨዋታ ሰው በደልኩ ልበል እንዴ፣ እያልኩ መልሼ እውጠዋለሁ። እርስዎ ማንበብ ከጀመሩ አይቀር እስከ መጨረሻው ይስሙኝ።

ሚሊኒየሙ ሊገባ አካባቢ ወረታ አስተማሪ ነበርኩ። ከአዲስ አበባ ተመድቤ የሄድኩት ኮምፒውተር ላስተምር ነው፤ ትምህርት ቤቱ በእርዳታ ያገኛቸው ኮምፒውተሮች ያሉበት ክፍል ቁልፍ እኔ ኪስ ነበር። አገሩን አላውቅ፣ ሰው አላውቅ። ክረምት ላይ የርብ ወንዝ ሞልቶ ሜዳውን ሲሸፍነው ደግሞ ቤት ተቀምጦ ዝናብ ከማዳመጥ በቀር ሥራ የለም። ከዚያ ብቸኝነት ያወጣኝ ጌትነት ነው። የሒሳብ አስተማሪ፣ ዲያቆን፣ የቄስ ልጅ። ቤተሰቦቹ እዚያው ፎገራ ላይ ሩዝ ያመርታሉ። እናቱ ለእሱ ስንቅ በላኩ ቁጥር የእኔን ድርሻ ለይተው ይልኩ ነበር።

ጌትነት አውሮፕላን ወዳጅ ነው። የበረራ ሲሙሌተር የሚባለውን አውሮፕላን የማብረሪያ ፕሮግራም ኮምፒውተር ላይ ጭኜ ሳሳየው ምሳውን ረሳ። ብዙም ሳይቆይ የአጎቱ ልጅ ከአዲስ አበባ አንድ ሲዲ ላከለት፤ በፕሮግራሙ ላይ ለብቻ የሚጨመር የድሮ የመንገደኛ አውሮፕላን፣ ዳኮታ። አባቱ በወጣትነታቸው ጎንደር ስታርፍ ያዩዋት ዳኮታ።

መጀመሪያ እምቢ አለች። አብራሪው ፊት ያሉት የመለኪያ ሰዓቶቿ ሁሉ ጥቁር ሆነው ታዩ። ፋይሎቹን ያለቦታቸው እንደገለበጥናቸው ደረስኩበትና አስተካከልኩ። ቀጥሎ ውልብልቢቶቹ እየዞሩ ሞተሩ አልነሳ አለ። ይህን ያገኘው እሱ ነው፤ መመሪያውን በመዝገበ ቃላት እያገላበጠ አንብቦ፣ ነዳጅና አየር የሚያቀላቅለው ማንሻ ተዘግቶ እንደነበር አወቀ። ሞተሩ ጢሱን ተፍቶ ሲነሳ ተቃቀፍን። እውነቱን ልንገርዎት፣ በሕይወቴ እንደዚያ የተደሰትኩበት ቀን ጥቂት ነው።

ከባሕር ዳር እየተነሳ የአውቶቡሱን መንገድ ተከትሎ ወደ ጎንደር መብረር ተለማመደ። ጣና በሰማያዊ ተዘርግቶ ይታያል፤ ከተሞቹ ግን ሐሙሲት የለ፣ ወረታ የለ፣ ፎገራ ባዶ አረንጓዴ ነው። «ኧረ ጉድ! ይኸን ሁሉ ሩዝ ማን ያመርተዋል ብለው ነው እነዚህ ፈረንጆች?» እያለ ያስቀኛል። ከአዲስ ዘመን በላይ ያሉት ተራሮች ግን በቦታቸው ነበሩ፤ ገዳሙ ያለበት የጣራ ገዳም ተራራም አለ።

በዚያው ሰሞን ለአብራሪነት የሚሠለጥኑ ወጣቶች እንደሚፈለጉ ማስታወቂያ ወጣ። ባሕር ዳር ሄደን አብረን ተፈተንን። እሱ ለመጨረሻው ፈተና አዲስ አበባ ተጠራ። እኔ ቀረሁ። አቅፌ እንኳን ደስ ያለህ አልኩት፤ ቤቴ ስገባ ግን ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ ግድግዳ ላይ አፈጠጥኩ።

ከመሄዱ በፊት አስተማሪዎቹን ሰብስቦ ጎንደር ሲያርፍ ሊያሳያቸው ቀጠሮ ያዘ። በረራውን የሚጀምረው ሁልጊዜ በፋይል ካስቀመጠው መነሻ ላይ ነው፤ ያቺኑ ፋይል ሲከፍት አውሮፕላኗ ባሕር ዳር ሜዳ ላይ ተዘጋጅታ ትጠብቀዋለች። ከቀጠሮው በፊት ብቻዬን ገብቼ ያቺን ፋይል ከፈትኳት። ዳኮታ አራት የነዳጅ ታንክ አላት፤ ሞተሮቹ ከየትኛው እንደሚጠጡ በእጅ ይመረጣል። የነዳጁ መለኪያ፣ ጌጁ፣ ደግሞ አንድ ብቻ ነው፤ የሚያሳየው ወደ እሱ ያዞሩለትን ታንክ ነው። ሞተሮቹን ትንሽ ነዳጅ ካስቀረሁባቸው ታንኮች ላይ ተውኳቸው። ጌጁን ወደ ሙሉዎቹ አዞርኩት። መነሻውን እንደዚያው መልሼ አስቀመጥኩት። ቀልድ ነበር። ሰው ፊት ትንሽ ይሳቅበት ብዬ ነው።

ሳቁበትም። የጣራ ገዳም ተራራ ላይ ሲደርስ ሞተሮቹ ተራ በተራ አስለው ቆሙ። ጌጁ ሙሉ ነው ይላል። እኔም ሳቅኩ። ሰው ሲበተን ልነግረው ዞር ብል ፊቱ ዐመድ መስሏል።

«ያየሁትን አየህ? የት ላይ እንደሆነ አየህ?» አለኝ።

ጌትነት የስለት ልጅ ነው። ሕፃን ሳለ ታሞ ሊሞት ሲል እናቱ፣ ቢድንልኝ ጣራ ገዳም ያገለግላል ብለው ተስለው ነበር። ዳነ፤ ግን ገዳም አልገባም፣ ዩኒቨርሲቲ ገባ። ይህ ነገር በሆዱ እንዳለ አውቃለሁ። ታዲያ ያን ጊዜ ለምን አልተናገርኩም? አንዲት ቃል አልነበረች? ነዳጁን የቀነስኩት እኔ ነኝ ማለት ምን ያህል ይከብዳል?

«ፕሮግራሙን ፈትሽልኝ» አለኝ። ፈተሽኩ። እፊቱ ተቀምጬ አጠፋሁት፣ እንደገና ጫንኩት፣ ፋይል በፋይል ገለጥኩ፤ ያቺን አንዷን ብቻ ሳልነካ። «ምንም ችግር የለበትም» አልኩት። ደጋግሞ በረረ። መነሻው አንድ፣ ነዳጁ አንድ፣ መንገዱ አንድ፤ የት ይቁም ኖሯል? እዚያው ተራራ ላይ ይቆማል።

በመጨረሻ፣ «ሰኞ ከጎንደር ተነስቼ ወደዚህ ልምጣ፤ መነሻውን አንተ አዘጋጅልኝ። ከዚያ በኩል ስመጣም እዚያው ካቆመኝ ምን እጠብቃለሁ?» አለ።

እሑድ ጠዋት እሱ ቅዳሴ ላይ ነበር። እኔ ክፍሉን ከፍቼ ገባሁ። ከጎንደር የሚነሳበትን ፋይል አዘጋጀሁ፣ ነዳጅ ቀነስኩ፣ በረርኩ። ተራራውን አለፈች። እንደገና ቀነስኩ። ሳትደርስ ቆመች። ጥቂት ጨመርኩ። እሱ መቅደስ ውስጥ ቆሞ ሲያገለግል እኔ ልክ ጣራ ገዳም ላይ እስክትቆም ድረስ ነዳጅ ስለካ አረፈድኩ። ፊተኛውን ቀልድ ይበሉት፤ የእሑዱን ግን ምን ይሉታል? እኔ ስም አላጣሁለትም፤ ክፋት ነው።

ሰኞ ሞተሮቹ ሲቆሙ አማተበና እጁን ከኪቦርዱ ላይ አነሳ። «በቃ ጓዴ። የገዳሙ ቅዱሳን አይለቁኝም» አለ። አዲስ አበባ ሳይሄድ ቀረ።

ብቻዬን እንዳልቀር ሰግቼ ነው እያልኩ ራሴን ስሸነግል ኖሬያለሁ። ግማሹ እውነት ነው። ግማሹ ቅናት ነው፤ እኔ ያላገኘሁትን እሱ ለምን ያገኛል ብዬ ነው። ብቸኝነቱን እንኳ ሰበብ ላደርገው አልችልም፤ ዓመት ሳይሞላኝ ዝውውር አግኝቼ አዲስ አበባ ተመለስኩ። እሱን እዚያ ያስቀረሁት ሰው እኔ ራሴ አልቀረሁም።

እሱ አገባ፣ ወለደ፣ ዛሬም እዚያው ያስተምራል። በየበዓሉ ይደውልልኛል። ከፍቶት አያውቅም፤ ወይም ለእኔ አይነግረኝም። እኔም ቂም የሌለው ድምፁን እየሰማሁ፣ ጊዜው አልፏል፣ ለምን አቆስለዋለሁ እያልኩ ከረምኩ።

ባለፈው ሳምንት ያለ በዓል ደወለ። ልጁ ማኅሌት አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳ በጥሩ ውጤት አልፋለች። አብራሪ ካልሆንኩ ብላ አስቸግራዋለች።

«የእኔን ዕጣ ነው የያዘችው። የስለቱን ነገር ብነግራት አታምነኝም» አለኝ። «አንተ በዓይንህ ያየህ ምስክር ነህ። እባክህ በሞቴ፣ አንድ በልልኝ እንጅ!»

ስልኩን ሰጣት። ድምፅዋ ቀጭንና የተረጋጋ ነው።

«ጋሼ፣ አባባ የሚለውን በዓይንዎ አይተዋል?»

«አይቻለሁ» አልኳት።

ይኸው ነው። ዕድሜዬ ሃምሳን እየገፋ፣ ሽበት አብቅዬ፣ ያንኑ እንደገና ሠራሁት። ያን ጊዜ ልጅነት ነበር እንዳልል ባለፈው ሳምንት ልጅ አልነበርኩም። ድንገት ተጠየቅኩ እንዳልል መልሱን ስሸሽ ዓመታት ኖሬያለሁ። «እሺ» ብላ ስልኩን ለአባቷ መለሰችለት፤ እሱም አመሰገነኝ።

የማመልከቻው ጊዜ ገና አላለፈም። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ ከእርስዎ በፊት ማኅሌት አንብባዋለች፤ ዛሬ ጠዋት በስልኳ ላክሁላት፣ ለአባቷም ጮክ ብላ እንድታነብለት ለመንኳት። ይቅርታ የሚል ቃል ግን አልጻፍኩም፤ እንዲምረኝ ብዬ እንደጻፍኩት እንዳይመስለው ነው። ገዳሙ አላቆመህም፣ ስለትህም አላቆመህም ብቻ ነው ከጽሑፉ ሥር ያከልኩለት።

ስልኬ ከፊቴ አለ። እስካሁን አልደወለም። ባይደውልም አልፈርድበትም፤ እሷ ግን ታመልክት።