አሮጌው ካውያ

ልብስ ተኳሿ ከሁሉ በፊት አሮጌውን ካውያ ትሰካለች። እሱ እስኪግል የኢዮብ ትዕግሥት ያስፈልጋል፤ እሷ ግን ሸሚዝ መሃል ከሚገቡት ካርቶኖች አንዱን ትስብና ቆማ ትጽፋለች። ካውያው ላይ ውሃ ጠብ አድርጋ «ጭስስ» ካለ እርሳሷን ሻሿ ውስጥ ሸጉጣ፣ የጀመረችውን ቃል እንኳ ሳትጨርስ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። ስትተኩስ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል።

የላውንደሪው ባለቤት፣ ሽማግሌው፣ ያዩት ግን መጠበቋን ብቻ ነበር። «ይቺ ልጅ በዚህ ቅራቅንቦ ፍዳዋን አየች» ብለው ቶሎ የሚግል አዲስ ካውያ ገዙላት።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሼ» አለች፤ ፊቷ ግን አልፈካም።

«ምነው፣ አልወደድሽውም?»

«ኧረ ጥሩ ነው። ብቻ... አሮጌው እስኪግል ስለ አባቴ እጽፍ ነበር። ሳቁ ከጆሮዬ እየጠፋብኝ ነው። እቤትማ ልጆቼ መች ፋታ ይሰጡኛል?»

ሽማግሌው አዲሱን ካውያ አንስተው አገላብጠው አዩት።

በማግስቱ ጠረጴዛው ላይ የጠበቃት አሮጌው ነው።

«አዲሱስ?»

«ተበላሸ።»

«በአንድ ቀን?»

«የዛሬ ዕቃ ዕድሜ አለው ብለሽ ነው!» አሉ፣ ዓይናቸውን እያሸሹ።

ሳቋን ዋጥ አድርጋ ካውያውን ሰካች፤ ካርቶኗንም ሳበች። ጥቂት ቆይቶ አንድ ደንበኛ እየተጣደፈ ገባ።

«ሸሚዜ አልደረሰም እንዴ?»

ሽማግሌው ዞር ብለው አዩ። ተኳሿ አቀርቅራ እየጻፈች ብቻዋን ትስቃለች።

«ካውያው ገና አልጋለም፣ ልጄ። እስቲ አረፍ በል» ብለው ወንበር ሳቡለት።

ካውያው ከጋለ ቆይቷል።