በጾም ያልቀመስነው ሽሮ

ጣልያን ከሀገራችን በወጣ ጊዜ እኔ በመቐለ፣ በአንድ ደብር በመሪጌትነት አገለግል ነበር። ባለቤቴ ከእናቷ የወረሰቻትን በቅሎ ሸጣ የቁርስና የምሳ ቤት እንክፈት አለችኝ። ቤቱ ግን በስማችን የሚጠራ አልነበረም። ከመቐለ አጠገብ ባለችው በኵሓ፣ ጧት ገንፎ ቀትር ላይ ሽሮ እያቀረቡ በመንገደኛው ሁሉ ዘንድ የተመሰገኑ አንዲት ባልቴት ነበሩ። እርሳቸው ስማቸውንና በቤታቸው የተሰናዳውን ሽሮና በርበሬ ይሰጡናል፤ እኛም ከምናተርፈው እናካፍላቸዋለን። በቅሎዋ ለቤት ኪራይ፣ ለድስትና ለባልቴቲቱ እጅ መንሻ ሆነች።

ውላቸው አጭር ነበር። «ከምሳ በኋላ እሳት አይነድ። ጣዕሙም ከእኔ ቤት ጣዕም አይለይ፤ የተለየ ዕለት ስሜን ይዤ እሄዳለሁ» አሉን።

ዐቢይ ጾም ሲገባ ያላሰብነው ፈተና መጣ። ምእመናኑ ቅዳሴ እስኪወጣ እህል ስለማይቀምሱ፣ ጧትና ቀትር የሚመጡልን ከወሎ የመጡ እስላም ነጋዴዎች ብቻ ነበሩ። ባለቤቴም ጾመኛ ናትና የሠራችውን አትቀምስም። ሽሮው አንድ ቀን አልጫ፣ በማግስቱ እንደ አሞሌ የሚያንገበግብ ሆነ።

ከደንበኞቻችን አንዱ፣ ጨው ነጋዴ፣ «እቴ፣ የሸጥሁልሽን ጨው ሁሉ ዛሬ ጨመርሽው እንዴ?» አላት።

«እንግዲያውስ አንተ ቅመስልኝ፣ ሐወይ፣ ወንድሜ!» አለችው።

ከዚያ ወዲያ በየጧቱ እየመጣ በጭልፋ ይቀምስላት ጀመር። ጎረቤቶች «የመሪጌታው ሚስት ድስቷን በእስላም ታስባርካለች» እያሉ ተሳለቁባት።

ወሬው ኵሓ ደረሰና ባልቴቲቱ ሳይታሰቡ መጡ። ባለቤቴ ስታያቸው እሳቱን መቆስቆስ ትታ ተነሣች፤ ስማቸውን ከወሰዱ የእናቷ በቅሎ በከንቱ ቀረች ማለት ነው። ባልቴቲቱ ጭልፋውን አንሥተው ወደ አፋቸው አስጠጉት፤ ከዚያም ቀጥ አሉ። ለካ እርሳቸውም ጾመኛ ናቸው! ሁለቱ ሴቶች ከድስቱ በላይ ተያዩ።

«ሽታውስ ደኅና ነው» አሉ ባልቴቲቱ፤ «ሽታ ግን ምስክር አይሆንም።»

«አደይ፣ እናቴ፣ እኔ ከእርስዎም ቤት በልቻለሁ፤ ወዲህ ይበሉኝ» ብሎ ጨው ነጋዴው እጁን ዘረጋ። ቀመሰ። ዐይኑን ጨፍኖ አጣጣመው። እኔ ጸሎት ጀመርሁ።

«ወላሂ አንድ ነው» አለ በመጨረሻ። «እዚህ ግን ጭልፋው ሞላ ይላል።»

«አንተ ሆዳም!» ብለው ባልቴቲቱ ከልባቸው ሣቁ፤ ስማቸውንም ትተውልን ተመለሱ።

በዚያው ዓመት ክረምት ረመዳን ገባ። ቤታችን እንደ ውሉ ከምሳ በኋላ ተዘጋ። ፀሐይ ስትጠልቅ ግን በጓዳችን አንዲት ትንሽ ምድጃ ትነድ ነበር፤ ባለቤቴም ጨውን ራሷ ቀምሳ፣ ከደጅ ተቀምጦ ለሚጠብቀው ጨው ነጋዴ አንድ ሳሕን ሽሮ ታወጣለት ነበር። ባልቴቲቱ ሰምተው እንደ ሆነ አልጠየቅናቸውም። ከኵሓ የሚላክልን ሽሮ ግን በዚያ ወር ከወትሮው በርከት ብሎ መጣ።